የእናቷ ክፍል ቁጥር

ለገሠ ስልክ ማውራት አይወድም። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር እንኳ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ይጠፋዋል፤ በስልክ ሲሆን፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ከማያውቃት ሴት ጋር ሲሆን ደግሞ ላብ ያጠምቀዋል። እንዲያም ሆኖ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጆሃንስበርግ ዮቪል ሰፈር በተከራያት ጠባብ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ብሉ ቫሊ ደወለ።

ብሉ ቫሊ ከጆሃንስበርግ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በኮረብቶች መካከል የተሠራ ትልቅ የመዝናኛ ሥፍራ ነው። ሆቴል አለው፤ ልጆች ከላይ እየጮኹ የሚንሸራተቱበት የውኃ ቱቦ አለው፤ ሰው ተሳፍሮበት ሰማይ ጥግ ደርሶ የሚመለስበት የሚሽከረከር ግዙፍ ክብ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዕበል የሚነሣበት፣ ሰው የሠራው ባሕር አለው። የስድስት ዓመቷ ልጁ ፀደይ ሁሉንም በፎቶ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። እናቷ ፀገነት በሕይወት ሳለች አልጋ ላይ ጎን ለጎን ጋደም ብለው በስልክ ሲያዩት ያመሹ ነበር። "በበጋው ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንሄዳለን፣ ሦስታችንም" ትላት ነበር። እነሆ በጋ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ፀገነት ግን በብርዱ ወራት ሞታለች።

ለገሠ የሚስቱን ቃል ሊጠብቅ ነው የደወለው። ሌላ የሚያደርግላት ነገር አልነበረውም። ወላጆቿ ሬሳዋ ሀገር ቤት እንዲገባ ስለ ለመኑ በአውሮፕላን ተላከች፤ እሱ በእጁ ያለው የስደተኛ ወረቀት ወጥቶ መመለስ የማያስችል በመሆኑ የሸኛት እስከ ጭነት መቀበያው በር ድረስ ብቻ ነው። ሄዶ አበባ የሚያኖርበት መቃብር እንኳ በዚህ ከተማ የለውም።

ስልኩን ያነሣችው ልጅ ድምፅዋ ደስ ይላል። ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ጠየቀችው፤ ነገራት።

"ስንት አዋቂ ነው፣ ጌታዬ?"

"አንድ። አንድ አዋቂና አንድ ልጅ።"

ፀደይ ከጎኑ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ነበር። እጅጌውን ያዘችና ጎተተችው።

"ዳዲ፣ የማሚን ክፍል ቁጥር ጠይቃት።"

"ምን?"

"የማሚን ክፍል ቁጥር! ከእሷ ጎን እንዲሰጡን።"

ለገሠ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። "ጌታዬ፣ እየሰሙኝ ነው?" አለች ስልኩን ያነሣችው ልጅ። ይኼኔ ፀደይ ስልኩን ከእጁ ወሰደች። እንግሊዝኛው ለእሷ እንደ ማንኛውም የጆሃንስበርግ ልጅ የጨዋታ ቋንቋዋ ነው።

"ሃሎ! እናቴ እዚያ ናት። ቀድማን ነው የሄደችው። ክፍሏ ቁጥር ስንት ነው?"

"ኦ! እንዴት ደስ ይላል! እናትሽ ማን ትባላለች፣ የኔ ቆንጆ?"

ፀደይ የእናቷን ስም ፊደል በፊደል ነገረቻት። ልጅቱ በኮምፒውተሯ ስትፈልግ የቁልፎቹ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ለገሠ ስልኩን ሊቀማት እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

"ይቅርታ፣ በዚህ ስም የገባ እንግዳ አላገኘሁም።"

ፀደይ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ቅር ያላት ግን አትመስልም።

"እሺ፣ ዋና ላይ ትሆናለች" አለችና ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት።

ለገሠ የቀረውን እንዴት እንደ ጨረሰ አያውቅም። ክፍሉ ተያዘላቸው። አመስግኖ ዘጋ። ከዚያም የልጁን ፊት ሳያይ፣ "ማሚ እዚያ ናት ያለሽ ማነው?" አላት።

"እትዬ በቀለች። አንተ አታውቅም እንዴ? ሰው ስለሚበዛ ቦታ ልትይዝልን ነው የሄደችው።" ሳቅ ብላ ጨመረች፦ "ደግሞ እኮ ስንቆይባት ሰልችቷት ይሆናል።"

ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ ቆየ፤ ምንም ሳያወጣ መልሶ ዘጋው።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፀደይን ከጎረቤት ልጆች ጋር ጥሎ ወደ እትዬ በቀለች ምግብ ቤት ሄደ። እትዬ በቀለች የዮቪል ሐበሻ ሁሉ እናት ናቸው፤ የታመመ የሚጠይቁ፣ ለወለደች ገንፎ የሚያገነፉ፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ቀድመው ደርሰው ፍራሽ የሚያነጥፉ እሳቸው ናቸው። ፀገነት በሞተች ጊዜ ፀደይ ለቅሶውን እንዳታይ ቤታቸው ወስደው ያኖሯት እሳቸው ነበሩ። ልጅ ለቅሶ ቤት አይውልም ተባለ፤ ለገሠም በዚያ ቀን የሚጠይቅ ልብ አልነበረውም።

በሩ አጠገብ ጓደኛው አቢሶ ጥብስ ይበላል። ሁለቱ የሚሠሩት አብረው ነው፤ ፎርድስበርግ ካለ መጋዘን ዘይትና ሩዝና ሳሙና ባኪ በምትባለው ፒካፕ ጭነው ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ላሉ የሀገራቸው ልጆች ሱቆች ያደርሳሉ። አቢሶ ከሆሳዕና ነው የመጣው፤ ቀልድ ካልተናገረ እህል አይወርድለትም።

"አንተ ሀብታም! ሪዞርት ልትገባ ነው አሉ" አለው ገና ሲያየው። "እኔን ሻንጣ ተሸካሚ አድርገህ ውሰደኝ እንጂ። ኮፍያ አድርጌ 'የስ ሰር' እያልኩ እከተልሃለሁ።"

ለገሠ አልሳቀም። አልፎት እትዬ በቀለች ከቆሙበት መደርደሪያ ዘንድ ሄደ።

"እትዬ፣ ያኔ ለፀደይ ምን ብለዋት ነው?"

እሳቸው ወዲያው ገባቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

"ምን ልበላት ታዲያ፣ ልጄ? በር በሩን እያየች፣ እህል በአፏ አልዞር ብሎ። አንድ ቀን የዚያን የውኃ ቦታ ፎቶ ከስልክ አውጥታ፣ 'ማሚ እዚህ ነው እንዴ የሄደችው?' አለችኝ። እኔ የጨመርኩት ነገር እንኳ ብዙ አይደለም። አዎ አልኳት፤ ቦታ ልትይዝላችሁ ሄዳለች አልኳት። ጎረስ ጎረስ ያደረገችልኝ ያን ቀን ነው።"

"እስካሁን እዚያ ያለች ነው የሚመስላት።"

"ልጅ እኮ ይረሳል፣ ለገሠ።"

"አልረሳችም። የወለቀ ጥርሷን ለማሳየት በሶፍት ጠቅልላ አስቀምጣለች። ውኃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ ትለማመዳለች፣ ለእናቷ ልታሳይ።"

አቢሶ ሳህኑን ትቶ መጣ። ጨዋታውን ከፊቱ አራግፎ፣ "በቃ አትሂዱ" አለ። "ባኪው ተበላሸ በላት። ሥራ በዛ በላት።"

"ብንቀርስ? እናቷ ብቻዋን እዚያ ቁጭ ብላ የምትጠብቃት እኮ ነው የሚመስላት። ማሚን አስቀየምናት ነው የምትለኝ።"

"እንግዲያው ንገራት" አሉ እትዬ በቀለች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አባቷ ነህ።"

ሊነግራት ሞክሯል። ማንም አልሞከረም እንዲለው አይፈልግም። ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ገብቶ መታጠቢያ ገንዳው አጠገብ ተንበረከከ። ፀደይ ውኃው ውስጥ ተቀምጣ የዋና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።

"ፀደይ፣ ስለ ማሚ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጠርልኝ!" አለችና አፍንጫዋን ይዛ ጠለቀች።

ጀርባዋ ትንሽ ነው። የእናቷ ዓይነት ጠቃጠቆ ትከሻዋ ላይ አለ። ለገሠ መቁጠር ጀመረ፣ ከዚያም ቁጥሩ ጠፋበት። እየተርገፈገፈች ብቅ ስትል ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ ነበር።

"ስንት ደረስኩ?"

"ብዙ" አላት።

"ማሚ ስታየኝ 'ውይ! ልጄ ሰመጠች!' ብላ ነው የምትጮኸው" አለችና በሳቅ ፈረሰች። እናቷ ስትደነግጥ የምታወጣውን ድምፅ ቁርጥ አድርጋ ነው ያወጣችው። "ምን ልትነግረኝ ነበር?"

"ውኃው ሳይቀዘቅዝ ውጪ ልልሽ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ለገሠ እንቅልፍ አልሆነለትም። ዓይኑን ሲጨፍን ብሉ ቫሊን ያያል። ልጁ በሕዝቡ መካከል ስትሮጥ፣ ጸጉሯ የረጠበ ቀጭን ሴት ባየች ቁጥር ከኋላ ሄዳ ልብሷን ስትይዝ፣ ሴትየዋ ዘወር ስትል ሌላ ሰው ስትሆንባት። ደግሞ ወደ ሌላዋ። ውኃው ሁሉ ተዳርሶ፣ ወንበሩ ሁሉ ታይቶ፣ በመጨረሻ ወደ እሱ ዞራ "የታለች?" ስትለው። ያኔ ምን ይላታል? ማንም በማያውቃቸው ቦታ፣ ሙዚቃ በሚጮኽበት፣ ሰው አይስክሬም እየበላ በሚያልፍበት?

እሱ ራሱ መርዶውን የሰማበትን ቀን ማሰብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ቮስሎሩስ ዕቃ እያወረደ ሳለ ነበር ስልክ የመጣለት። ሐኪም ቤቱ ቀድሞ የነገረው ለእድሩ ሰዎች ኖሯል፤ እነሱ ግን በስልክ አልነገሩትም። "ትንሽ ደከም ብላለች፣ ቀስ ብለህ ነድተህ ና" ብቻ አሉት። ሲደርስ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው፤ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ያንን ሲያይ አወቀ። አንድም ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም፤ አላስፈለገም። ጉልበቱ ሲከዳው መሬት ከመድረሱ በፊት በግራም በቀኝም ያዙት።

ሐሙስ ዕለት ከመጋዘኑ ጭኖ ሲወጣ ባኪውን ፎርድስበርግ ገበያ ዳር አቆመና ጋሽ ሕዝቅኤል ዘንድ ሄደ። ጋሽ ሕዝቅኤል የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ብርድ ልብስና አንሶላ ይነግዳሉ። ለዚህ ከተማ ሐበሻ ሁሉ መርዶ ሲነገር የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ መርዶ እንድትነግሩልኝ ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው የሚያጥፉትን ብርድ ልብስ ደረታቸው ላይ ይዘው ቀሩ። "ማነው ደግሞ የሞተው?"

"ፀገነት።"

አተኩረው አዩት። ሐዘኑ አእምሮውን የነካው መሰላቸው።

"ለልጇ አልተነገራትም" አለ ለገሠ። "ቅዳሜ ጠዋት ወደ መዝናኛ ቦታው እንሄዳለን። እናቷ እዚያ የምትጠብቃት ይመስላታል።"

"ኧረ ተው፣ ልጄ። ለሕፃን መርዶ ተነግሮ ያውቃል? ልቧ አይችለውም። ስታድግ ራሷ ትደርስበታለች፤ ሁላችንም እንዲያው ነው የደረስንበት።"

"ቅዳሜ ነው የምትደርስበት፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አንተ አጫውተህ፣ አባብለህ…"

"ያን ቀን ከመኪናዬ ስወርድ በር ላይ ቆማችሁ ነበር" አለ ለገሠ። ዓይኑን የብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ተክሎ ነው የሚናገረው። "ስወድቅ የያዛችሁኝ እናንተ ናችሁ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። እኔ ትልቁ ሰውዬ ሰው ካልያዘኝ መቆም አቃተኝ። እሷ እዚያ ገንዳ ዳር ስታውቀው ማን ይይዛታል? አንድ እኔ ነኝ ያለሁት። እኔ ደግሞ…"

ለገሠ ይህን ያህል ሲናገር ጋሽ ሕዝቅኤል ሰምተው አያውቁም። አንዲት ገዢ መጥታ፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ይኼ ስንት ነው?" ብላ ብትጠይቅ ሳይመልሱላት ቆዩ። ሴትየዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

"ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል እንመጣለን" አሉ በመጨረሻ። "ለማንም ሰው እንደምናደርገው። በቀለችም ትኖራለች።"

ዓርብ ፀደይ ሻንጣዋን ስትከት፣ ስታወጣ፣ መልሳ ስትከት ዋለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ጠዋት ጊዜ እንዳታባክን ለብሳው ተኛች። ለገሠ ጫማዋን በር ሥር አስተካከለ። ቤቱን ለሌባ ሊያስዘርፍ ከውስጥ በር የሚከፍት ሰው የሆነ ያህል ተሰማው።

ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ፀደይ ከአባቷ ቀድማ ዘልላ ተነሣች፤ በሩንም የከፈተችው እሷ ናት። ኮሪደሩ ሞልቷል። ጋሽ ሕዝቅኤል ከፊት፣ ከኋላቸው እትዬ በቀለችና ሌሎች ሴቶች፣ ከዚያም አቢሶና የመጋዘኑ ልጆች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢ ደርበዋል።

"ዳዲ! ዳዲ! ሊሸኙን መጡ!" ብላ ጮኸች። ወደ አቢሶ ሮጠች። "አንተም ትመጣለህ? ሻንጣህስ?"

አቢሶ ለማንም ቃል አጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ገብተው ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም። ሁሉም የሚጠብቁት ሁልጊዜ የሚሆነውን ነበር፤ ነጠላው ይታያል፣ ዝምታው ይሰማል፣ ባለቤቱ ራሱ አውቆት ይጮኻል፣ እነሱም አብረው ይጮኻሉ። ፀደይ ግን ለቅሶ ቤት ውላ አታውቅም። የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን እንደሚል የነገራት ሰው የለም። መሐላቸው ቆማ፣ በሰማያዊ ቀሚሷ፣ አንዱን ፊት አይታ ወደ ሌላው እየዞረች ፈገግ እንዳለች ናት። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሕዝቅኤል አንድ ነገር የገባቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ስንቱን ሲያረዱ ያችን ቃል አንድም ቀን በአፋቸው አውጥተዋት አያውቁም።

ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ።

"ፀደይ፣ እናትሽ ታማ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ?"

"አዎ። አሁን ግን ድናለች። ብሉ ቫሊ ናት።"

የሁሉም ዓይን ወደ እትዬ በቀለች ዞረ። እሳቸውም ወደ ልጅቱ ቀረቡ፣ አጠገቧ ቁጭ አሉ፣ ሁለት እጆቿን ያዙ። "እኔ ነኝ፣ የኔ እናት፣ እኔ ነኝ ያልኩሽ እንጂ…" አሉና ለቅሶ አነቃቸው። ፀደይ ግራ ገብቷት ጀርባቸውን መታ መታ አደረገቻቸው። "አይዞዎት፣ እትዬ። ማሚን ይዘንልዎት እንመጣለን።"

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ለገሠ ከተደገፈበት ግድግዳ ተላቀቀ። ይህን ያህል ሰው እያየው በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። ልጁ ፊት ተንበረከከ፤ ዓይኑንም ዓይኗ ላይ አሳረፈው።

"ፀደይ። ማሚ ሞታለች።"

"አልሞተችም።"

"ሞታለች። ብሉ ቫሊ ሄዳ አታውቅም። ሐኪም ቤት ሳለች ነው የሞተችው።"

"መቼ?"

"በብርዱ ጊዜ።"

ፀደይ ወደ መስኮቱ አየች። ውጭው ፀሐይ ሊወጣበት ነው፤ በጋ ነው። ከብርዱ እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ በልጅ ልቧ ስትለካው ለገሠ ከፊቷ ላይ አነበበ።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እሳቸውም? አቢሶም?" ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። "ሁላችሁም?"

መጀመሪያ የአባቷን ደረት በሁለት እጇ ገፋች። ደግማ ገፋችው። ከዚያ ያ ድምፅ ከውስጧ ወጣ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ታወጣዋለች የማይባል፣ ጉልበቷም ታጠፈ። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ሊይዟት ተንቀሳቀሱ። እጃቸው የለመደው ግን የአዋቂ ብብት ነው፤ እሷ ከእጃቸው በታች ነበረች። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው በጉልበቱ ወረደ። ጋሽ ሕዝቅኤል በግራ፣ አቢሶ በቀኝ፣ ሴቶቹ ከኋላ፤ በዚያ ጠባብ ክፍል ቆሞ የቀረ አልነበረም። ይዘዋት አለቀሱ። ለፀገነትም፣ ለልጇም፣ በብርዱ ጊዜ ሳያስለቅሷት ስለ መቅረታቸውም።

ፍራሽ ተነጠፈ። ፀደይ መሐል ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ከዮቪልም ከቮስሎሩስም ሰው እየገባ በፊቷ ዝቅ እያለ፣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አላት። "ምን ልበል?" ብላ ጎንበስ ያለችውን ሴት ጠየቀች። "አሜን በይ" አለቻት። "አሜን" አለች ለእያንዳንዱ፣ አንዱንም ሳትዘልል፣ ድምፅዋ ጎርንኖ። ለአባቷ ግን ቃል አልተናገረችውም። ብሉ ቫሊ ደውሎ ክፍሉን የሰረዘው አቢሶ ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት "ለቅሶ አለብን" አላቸው።

ለቅሶው ሲያበቃ ለገሠ ወደ ሥራው መመለስ ነበረበት። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ እትዬ በቀለች ልጅቱን ሊወስዷት መጡ። ፀደይ እሳቸው ዘንድ አልሄድም አለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ አልሄድም ብቻ። እትዬ በቀለች ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ "እውነቷን ነው" ብለው ተመለሱ። አቢሶ በሌላ መኪና ሄደና ፀደይ ባኪው ውስጥ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

ከተማውን ለቀው ትልቁ መንገድ ላይ እስኪወጡ ድረስ አልተናገረችም።

"ዳዲ፣ አንተ መቼ ነው ያለቀስከው? እኔ አላየሁህም።"

ለገሠ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "እዚህ መኪና ውስጥ።"

"የት ጋ?"

"ቮስሎሩስ ልገባ ስል ድልድይ አለ። እዚያ ሥር አቆማለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ብዙ ጊዜ።"

"አሳየኝ።"

ድልድዩ ሥር ሲደርሱ ዳር ይዞ አቆመ። ፀደይ ቀበቶዋን ፈትታ በጉልበቷ ወንበሩ ላይ ቆመች፤ ቦታውን አንድ በአንድ አየችው። የሲሚንቶ ምሰሶ፣ የደረቀ ሣር፣ ነፋስ የለጠፈው ፌስታል። አንድ የጭነት መኪና አልፎ ባኪውን አንቀጠቀጠው።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

"ምንም የለም እኮ" አለች።

"ምንም የለም" አላት። ከዚያም ፈራ ተባ እያለ፣ "ብሉ ቫሊ ሌላ ጊዜ እንሂድ?" ብሎ ጠየቃት።

ራሷን ነቀነቀች። "እሷ የለችበትም።"

ፀደይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እግሮቿ ወለሉ ላይ አይደርሱም።

"ካሁን በኋላ ለብቻህ አትምጣ" አለችው።

"እሺ።"

"አሁን ማልቀስ ትችላለህ። እጠብቅሃለሁ።"

ለገሠ ሞተሩን አጠፋ። እሷ ግን ትኩር ብላ ታየዋለች፣ እሱም ሰው እያየው አይሆንለትም። ትንሽ ጠበቀችው። አባቷን ታውቀዋለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችለት።